የሳባላ ዝናብ

ሩምያ ይመር ሥራዋን የምትጀምረው ሰሌን በመዘርጋት ነው። ሰሌኑ የመስመር አስተዳደር ንብረት ነው፤ ጠርዙ ላይ ማኅተም አለበት። ከሰሌኑ ጀርባ ዓምዱ ቆሟል። ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል፤ ቀለሙ አፈር ይመስላል። ይሰማል። ከዚያ በቀር ምንም አያደርግም።

መጀመሪያ አካባቢ ዓምዱ ራሱ ይናገር ነበር። አፋርኛው እንከን አልነበረውም። የሽማግሌ ድምፅ ሰጥተውት ነበር፤ ሰላምታውንም ከነርዝመቱ ያውቀዋል። እረኞቹ ቆመው ሰላምታውን ይመልሳሉ። «ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» ሲላቸው «ሰላም ነው» ብለው ያልፋሉ። አስተዳደሩ ወቅት አልፎ ወቅት እስኪተካ የሰበሰበው ዜና ይኸው ነበር፦ ሰላም ነው።

በኋላ አንድ አጥኚ ምክንያቱን ጽፎ አቀረበ። ዳጉ፣ የአፋሮች የዜና ልውውጥ፣ ሰጪም ተቀባይም ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቀመጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው በተራው ይናገራል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። ያየውን «አየሁ» ይላል፤ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ይላል። መቀነስ ነውር ነው፤ ሐሰት መጨመር ግን ነውር ከሚባለው በላይ ነው። በዚያ ምድር ሰው መንጋውን የሚነዳው በሌላ ሰው ቃል ነውና። ዓምዱ ከራሱ የሚሰጠው ዜና ስላልነበረው እንደ ሰው የቆጠረው አልነበረም።

ስለዚህ ሩምያን ቀጠሩ።

ሩምያ የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ይመር ከደጋው ገደል ሥር ማሽላ ይዘራ ነበር። ያን ጊዜ ገበሬ አንድ ቦታ ይኖር ነበር። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ እረኞቹ ከቆላ ወጥተው ከብቶቻቸውን አገዳው ላይ ያሰማራሉ። ከብቱ አገዳውን ይበላል፣ ለመሬቱ ፍግ ይጥላል፤ ወተት በማሽላ ይለወጣል። ሩምያ የተወለደችው በዚያ ሰሞን ነው። እናቷ በወሊድ አረፈች። ገአስ የሚባለው እረኛ ከነሚስቱ እዚያው አገዳው ላይ ሰፍሮ ነበር። ሚስቱ ዳሂላ የራሷን ልጅ እያጠባች ስለነበር ሩምያን በሌላው ጡቷ ያዘቻት። «ግራው የግመል፣ ቀኙ የማሽላ» እያለች ትስቅ ነበር ይላሉ። ሩምያ ዳዴ ያለችው በጥጆች መሃል ነው። አፏን የፈታችውም በሁለት ቋንቋ ነው፤ የትኛው እንደቀደመ አባቷና ገአስ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል።

አሁን አገዳ ላይ የሚሰማራ ከብት የለም። መስመሩ አለ። መስመሩ አይታይም፤ ከብቶቹ ግን ያውቁታል። ሲጠጉት አንገታቸው ላይ ያለው ቀለበት መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይነዝራል። መስመሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዝናብ ይከተላል። ዝናብ የጣለበት መሬት እርሻ ይሆናል። ገበሬዎቹ ባለጎማ ቤቶቻቸው ተጎትተው ወደዚያ ይወሰዳሉ፤ ይዘራሉ፣ ያጭዳሉ፣ እንደገና ይጎተታሉ። የሩምያ ታላቅ ወንድም እንድሪስ ካገባ ወዲህ አንድ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ዘርቶ አያውቅም። ልጆቹ «አገራችሁ የት ነው?» ሲባሉ የቤቱን ታርጋ ይናገራሉ። በመዝገቡ ላይ እንድሪስ «ነዋሪ» ነው።

ገአስ በአንጻሩ መስመሩ በከለለው ጠባብ ምድር ውስጥ ብቻ ይመላለሳል። በጥቂት ቀን ጉዞ ከጫፍ ጫፍ መድረስ እስኪችል ድረስ ጠቦበታል። እሱ «ዘዋሪ» ነው። ነዋሪ የእጁ አንጓ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለው፤ ቧንቧው ምልክቱን ሲያይ ይከፈታል። የዘዋሪ ምልክት ቡናማ ነው። ዘዋሪ ውሃ የሚያገኘው በፈቃድ ነው፤ የወንዙ በር በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ በኬላው በኩል ይከፈትለታል። የሩምያ ሰሌን የተዘረጋው እዚያ ኬላ ላይ ነው።

ማንም ተናገሩ ብሎ አላስገደዳቸውም። ይህ በአስተዳደሩ ሪፖርት ላይ በየዓመቱ ይጻፋል። መንጋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የገአስን ልጅ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ያያሉ፤ ይቀመጣሉ። እሷ የተሰጣትን ዜና ትሰጣለች። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የማሽላ ዋጋ ምን ደረሰ፣ የከብት መድኃኒት የት መጣ። ሁሉም እውነት ነው፤ አስተዳደሩ በዚህ ጥንቁቅ ነው። እነሱም በተራቸው ይሰጣሉ። ዓምዱ ይሰማል። ከጥቂት ቀናት በኋላ መስመሩ ይንቀሳቀሳል።

በዚያ ቅዳሜ ሩምያ ሰሌኑን ከመዘርጋቷ በፊት ከኬላው ርቃ ሄደች። ገአስን ከግመሎቹ ጋር አንድ ደረቅ ጅረት ዳር አገኘችው። ዓምዱ እስከዚያ አይሰማም።

«አባ፣ ሐንዶጋ ዘንቧል አሉ።»

«ዘንቧል። አይቻለሁ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል።» ገአስ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ፈገግ አለ። «ሰሌኑ ላይ እነግርሽ አልነበረም? ምን አስቸኮለሽ? እናንተ የማሽላ ልጆች እሸቱ እስኪደርስ እንኳ አትታገሡም።»

«ሰሌኑ ላይ አትንገረኝ።»

«ለአንቺ ያልነገርኩ ለማን ልንገር?»

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው። ከጀርባዬ ላለው ነው።»

«ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ?» አለ ገአስ። አልተቆጣም። «ኩርባ መዝነቡን ነገርኩሽ፣ ወሰዱት። ከዚያ በፊት ጎሮን ነገርኩሽ፣ እሱንም ወሰዱት። ግመሎቼ እንኳ አውቀውታል።»

«ታዲያ ለምን ትናገራለህ?»

«አንቺ ዜናሽን ሰጥተሽኝ እኔ ልደብቅ? እኔ የደበቅሁ ቀን ሌላው ከእኔ ይደብቃል። ውሃውን የሚወስዱብን እነሱ ናቸው። ዳጉ ግን ቢጠፋ ያጠፋነው እኛው ራሳችን ነን።»

ሩምያ መሬት መሬቱን አየች። ከሐንዶጋ በቀር ለገአስ መንጋ የቀረ ውሃ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወንዙ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ከብት ደግሞ በየቀኑ ይጠማል። ሐንዶጋ እርሻ ከሆነ መንጋው ክረምት አያይም።

«ሳባላ ዘነበ በል» አለች።

«ሳባላ?»

«እዚያ ማንም የለም። ደረቅ ነው። ሳባላን ይውሰዱት።»

አንዷ ግመል አንገቷን አስረዝማ የሩምያን ሻርፕ አሸተተች፤ ገአስ በእጁ መለሳት።

«አፌ እምቢ ይለኛል» አለ።

«የምትዋሸው እኮ ሰውን አይደለም። ዓምዱን ነው።»

«ዳጉ ጆሮ አይመርጥም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ሳባላን ተወው። ሐንዶጋን ብቻ አትጥራ።»

«ዝም ማለት እችል ይሆናል» አለ ገአስ። «ዝምታ ውሸት አይደለም። ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

ሰሌኑ ሲዘረጋ ወረፋው ረጅም ነበር። ሩምያ የተሰጣትን ዜና ሰጠች። ገአስ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። የአንዲት ላም መውለድ፣ የአንድ ሽማግሌ መታመም፣ ጅብ የበላው አህያ። ያየውን አየሁ አለ፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ተናገረ። ሐንዶጋን አልጠራም። ዜናው አጠረ፤ ማጠሩ ለራሱም የተሰማው ይመስላል፣ በመጨረሻው ቃል ላይ ጥቂት ቆይቶ አፉን ዘጋ።

ሩምያ ዓምዱ ከጀርባዋ ሆኖ እንደሚሰማ ታውቅ ነበር። ዝም ማለት ያልበቃ መሰላት።

«ሌላም ዜና አለኝ» አለች። «ሳባላ ዘንቧል።»

ከወረፋው አንድ ሰው ቀና አለ። «ማን አየ?»

«ወንድሜ እንድሪስ። በመኪና ሲያልፍ አይቷል።»

ሰዎቹ ሩምያን አላዩም፤ ገአስን አዩ። ልጁ የተናገረችውን አባት ያውቃል። ገአስ በበትሩ ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረገ። «አይደለም» አላለም።

በወረፋው ውስጥ አስያ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ መንጋዋን ራሷ የምትነዳ። የወንዙን ተራ ሳትጠብቅ ተነሣች። ሩምያ አየቻት። ወደ ጥላ ልትሄድ መስሏት ተወቻት። ሁሉም ሰው ነገሩ ለዓምዱ መሆኑን የተረዳ መስሏት ነበር።

ማክሰኞ ኃላፊዋ አቶ ምንተስኖት ቢሮው አስጠራት። በዕድሜ ከእሷ ብዙ አይበልጥም፤ ትሑት ሰው ነው፤ ሠራተኞች ሲገቡ ከወንበሩ ይነሣል።

«እንኳን ደስ አለሽ። መስመሩ ዛሬ ሐንዶጋን ገባ። እንዲህ ያለ መሬት ካገኘን ቆይተናል።»

ሩምያ የያዘችውን ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሐንዶጋን ማን ነገራችሁ?»

«ማንም።»

«ታዲያ…»

«ገአስ ዜናውን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሐንዶጋ ነው። ጎደለ፣ ደፈረሰ፣ ግመል ገባበት፣ አንድ ነገር ይላል። በዚህ ሳምንት አልጠራውም። ዓምዱ የሚሰማው ሰው የሚጠራውን ብቻ መስሎሽ ነው እንዴ?» ምንተስኖት ይህን ሲናገር ኩራት አልነበረበትም፤ የሚያስረዳ መምህር ይመስል ነበር።

«እኔ የተናገርኩትስ? ሳባላ ያልኩት?»

«እሱማ ያንቺ ንግግር ነው። የነዋሪ ንግግር አይመዘገብም። ነዋሪ ስለ ዝናብ ምን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለና ፊቷን አይቶ ደነገጠ። «ቅር እንዳይልሽ፣ ደንቡ ነው። እኔም ብናገር አይመዘግበኝም።»

በዚያው ቀን ወደ ማታ እንድሪስ ደወለ። ከኋላው የሞተርና የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እታለም! የት እንዳደረሱን ብታይ! አፈሩን ጨብጠሽ ብትለቂው እጅሽ ላይ ይቀራል። ውሃውስ! ልጆቹ ከጉድጓዱ አልወጣም ብለዋል። ሐንዶጋ ነው የሚባለው፤ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለች ሩምያ።

«አንቺ የማታውቂው የለም። አንድ ቀን ነይ እንጂ፣ ቤታችን ሳይጎተት።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ገአስ መጣ። ግመሎቹ አጥንታቸው ወጥቷል። ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሰላምታውን ከነርዝመቱ ሰጠ፤ ከዚያ ዜናውን ልክ እንደ ሁልጊዜው ተናገረ።

«አስያ መንጋዋን ይዛ ሳባላ ሄዳለች። ሳባላ አልዘነበም። ከብቶቿ በመንገድ አልቀዋል። የቀሩት ሁለት ፍየሎች ናቸው። እሷን ሰዎች አግኝተዋት ውሃ ሰጥተዋታል። ይህን ያየሁት አይደለም፤ ካመጧት ሰዎች ሰማሁ።» ትንሽ አረፈ። «ዳጉው ወደ ኋላ ተቆጥሯል። አስያ ከማን ሰማሽ ተባለች፤ ከሩምያ አለች። ሩምያ የማን ናት ተባለ፤ የገአስ አለች። ሸንጎ ተጠርቷል፣ ሐሙስ፣ ሳባላ መግቢያ ላይ ካለው ግራር ሥር። እኔ እሄዳለሁ። አንቺን ነይ የሚልሽ የለም።»

«እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ገአስ። ያን ቀን ግመሎቹን ሲያጠጣ እሷ አጠገብ አልቆመም።

አስያ በአስተዳደሩ መጠለያ ተመዘገበች። መዝጋቢው ተቸግሮ ነበር። ከብት የሌለው ዘዋሪ ምን እንደሚባል ደንቡ አይናገርም። ምልክቷን ቡናማ አድርጎ ተወው።

ሐሙስ ዕለት እንድሪስ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ከሐንዶጋ መኪና አምጥቶ ወሰዳት። መንገዱን ሁሉ ያጉረመርማል።

«በእኔ ስም ዘነበ ማለትሽ ግን! ሳባላን እኮ በካርታም አላውቃትም። ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«እውነቱን በል።»

«እውነቱማ እህቴ አብዳለች ነው።» ሳቀ፤ ስላልሳቀች ተወው። «እኔን ስሚኝ። ሲጠይቁሽ ነዋሪ ነኝ በይ። ነዋሪ በዘዋሪ ሸንጎ አይዳኝም። የእነሱ ነኝ ካልሽ ግን አንድ ሰው ለአስተዳደሩ ይናገራል፤ ምልክትሽ ወደ ቡናማ ይገለበጣል። ሥራሽ ሄደ፣ ቤትሽ ሄደ። በሳምንት አንድ ቀን ውሃ ለመጠጣት ራስሽ ሰሌን ላይ ልትቀመጪ ነው?»

የዋሂሊ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርሱ እንድሪስ መኪናውን አቆመ። ወንዙ ወትሮ በዚህ ወቅት አሸዋ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ግን ሞልቶ ይወርድ ነበር፤ ቀይ ነው፤ ግንድና የዛፍ ቅርንጫፍ ያንከባልላል። ከደጋ የመጣ ጎርፍ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው ሜዳ ይሄዳል። ሩምያ የመኪናውን መስኮት ከፍታ አየችው። መስመሩ ገና እዚያ አልደረሰም።

«ነገ እዚህ ይጎትቱናል ማለት ነው» አለ እንድሪስ፣ መኪናውን እያስነሣ። «ገና ዘሬን ሳልበትን።»

ሸንጎው ላይ የተቀመጡት ብዙ አልነበሩም። ጥላው ለሁሉም አይበቃም ነበርና ወጣቶቹ ፀሐይ ላይ ሆኑ። ዳሂላ ከሴቶቹ ጋር በስተኋላ ነበረች። ዳኛው ሐቢብ የሚባል፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ነው። ረጋ ብሎ ይናገራል።

መጀመሪያ አስያ ተናገረች። ከብቶቿን በየስማቸው ጠራቻቸው፤ የትኛዋ የት እንደወደቀች አንድ በአንድ ተናገረች። አላለቀሰችም። ሐቢብ እንድሪስን ጠየቀው፤ እንድሪስ በተሰባበረ አፋርኛ ሳባላን አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ገአስ ተነሣ።

«ሩምያ ልጄ ናት» አለ። «በዳሂላ ጡት አድጋለች። ስትናገር ሐሰት መሆኑን አውቄ ነበር፤ ዝም አልኩ። የልጄ ጥፋት የእኔ ነው። የአስያን ከብቶች ከመንጋዬ እተካለሁ።»

«ተክተህ ምን ይቀርሃል?» አለ ሐቢብ።

«እግሬ ይቀረኛል።»

ፀሐይ ላይ ካሉት አንዱ ሳቀ፤ ሐቢብም ፈገግ አለ። በሸንጎው ውስጥ የነበረው ነገር የላላ መሰለ። ሰዎች አቀማመጣቸውን አመቻቹ።

ሐቢብ ወደ ሩምያ ዞረ። «የሥጋ ልጅ ምስክር አይሻም። የጡት ልጅ ግን በሁለት አፍ ይጸናል፤ በአባትየውና በልጅየዋ። አንቺ የገአስ ልጅ ነሽ?»

እንድሪስ በአማርኛ «ነዋሪ ነኝ በይና እንሂድ» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ሩምያ የገአስን መንጋ አየች። ከግራሩ ባሻገር ቆሟል፤ የግመሎቹ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይታያል። ከአስያ የጠፋው ሲተካ ከዚያ የሚቀር የለም። ልጁ ነኝ ካለች ያን ሁሉ ይከፍላል። አይደለሁም ካለች የሚከፍለው የለም። እንዲህ አሰበች። የእጇንም ምልክት አስባ ይሆናል። ከሁለቱ የቱ እንደቀደመ የጠየቃት የለም።

«አይደለሁም» አለች። «የይመር ልጅ ነኝ። ነዋሪ ነኝ። ገአስ ስለ እኔ የሚከፍለው ነገር የለም።»

ገአስ አላያትም። ዳሂላ ከኋላ ተነሥታ ወደ ግመሎቹ ሄደች።

«መልካም» አለ ሐቢብ። «የእንግዳ ሐሰት የውሻ ጩኸት ነው። ካሣ የለውም።»

ሩምያ እፎይ አለች። እንድሪስ ክንዷን ያዘ። ሐቢብ ግን አልጨረሰም ነበር፤ ወደ ገአስ ዞሯል።

«ልጅህ ብትሆን ከብት ትከፍል ነበር፤ ነገሩም ያልቅ ነበር። የተካሰ ነገር ይሞታል፤ የደኸየ ሰው ደግሞ ዘመዶቹ ያቋቁሙታል። አሁን ግን ያልሆነችህን ልጄ አልክ። እንግዳ አምጥተህ ዳጉ መሃል አስቀመጥክ፤ ሰው በአንተ ስም አመናት። አውቀህ ዝም አልክ። ለዚህ የሚከፈል ከብት አላውቅም። ከእንግዲህ ከገአስ ዜና የሚቀበል የለም፤ ለገአስም ዜና የሚሰጥ የለም።»

«ቆይ!» ሩምያ የእንድሪስን እጅ አላቀቀች። «ልጁ ነኝ! ከብቱን ላድንለት ብዬ ነው። ልጁ ነኝ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

ሐቢብ በደህናው ዓይኑ አያት። ክፋት አልነበረበትም። «የትኛውን እንያዝ? ሁለቱንም የሰማነው ከአንድ አፍ ነው።»

«ከብት እኮ ነው ያለው ሁሉ…»

«አዎ። እናንተ ንብረት ስትቆጥሩ ጎበዞች ናችሁ» አለ ሐቢብ፤ በትሩን ተደግፎም ተነሣ።

ሰዎቹ ተነሡ። በገአስ ፊት አለፉ፤ ግን እንደ ጉቶ አለፉት። የእህቱ ልጅ፣ በጧት ግመሎቹን አብሮት የነዳው ጎልማሳ፣ መንገዱን አጣሞ ሄደ። አስያ ከሩምያ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«የሚተካልኝ ሰው ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ በውሃ ጥም ገደልሻቸው። ዛሬ ደግሞ በአፍሽ።»

ግራሩ ሥር ገአስ ብቻ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ፤ ወደ መንጋው ሄደ። ዳሂላ ጓዛቸውን መጫን ጀምራለች። ገአስ ወደ አራቱም ማዕዘን ተራ በተራ ተመለከተ። ሰማዩ ባዶ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ቆሞ ሰማይ አይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚነግረው ሰው ነበር።

«እንሂድ» አለ እንድሪስ። «ደህና አደረግሽ። ሌላ ምን ልትዪ ነበር? ነይ፣ ፀሐይዋ ከብዳለች።»

ሩምያ ሮጠች። ሻርፗ ወድቆ እንድሪስ አነሣው።

«አባ! ዋሂሊ ወርዷል! ዛሬ ጠዋት። ሞልቶ ነው የሚሄደው፣ ወደ ሰሜን። ከድልድዩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። መስመሩ ሳይደርስ ድረሱበት። ወደ ሰሜን ንዱ!»

ገአስ ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የተናገረችውን ሁሉ፣ ሰው ዜና እንደሚሰማ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ልጄ ብትሆኚ አምንሽ ነበር» አለ።

የመሪዋን ግመል ገመድ ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ። ሌሎቹ ተከተሏት።